ናሙና ስንወስድ ለዓሣ አስጋሪዎቹ ምን ብለን ቃል እንግባ?

ነርሷ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቀን ቀን ዋርድ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርሴን ስማር ቆይቻለሁ። አሁን ኮርሱ አልቆ ቴሲስ ላይ ነኝ። ርዕሴ በጣና ዳር ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች ውስጥ የአንጀት ቢልሃርዚያ (ከሐይቅ ውኃ ወደ ሰው በሚገባ ትል የሚመጣ በሽታ) ምን ያህል እንዳለ ማየት ነው። ፕሮፖዛሉ አልፏል። የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ፈቅዷል።

ርዕሱን ያገኘሁት ከዋርድ ነው። ከሐይቁ ዳር የሚመጡ፣ ጣፊያቸው ያበጠ፣ ደም የሚያስታውካቸው ጎልማሶች እናስተኛለን። ሁሉም በቢልሃርዚያ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጉበትን የሚጎዳ ስንት ነገር አለ። ግን ታሪካቸውን ስትጠይቁ «ከልጅነቴ ጀምሮ ውኃ ውስጥ ነኝ» የሚለው ብዙ ነው። ያኔ ደሙን ለማቆም እንሯሯጣለን። ዘመድ ደም ፍለጋ ይንከራተታል። በሽታው ቢልሃርዚያ ከሆነ ግን ከዓመታት በፊት በጥቂት ፍሬ ክኒን ይገታ ነበር። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ጥናቱን ላስተዋውቅ ታንኳ የሚያቆሙበት ቦታ ሄጄ ነበር። አንድ ሽማግሌ አዳመጡኝና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ካንቺ በፊትም መጥተዋል። የሰገራ ዕቃውን ሞልተን ሰጠን። ማን ምን እንዳለበት ተመልሶ የነገረን ግን የለም።» የያዝኩት የፈቃድ ቅጽ ደግሞ «ለተሳታፊው ቀጥተኛ ጥቅም የለውም» ይላል። ሳነብላቸው ወጣቶቹ ሳቁ። ምን ልበል?

አማካሪዬ «ፖዘቲቭ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር አድርጊ» ብሎኛል። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሄጄ ስጠይቅ ግን መድኃኒቱ የለም። የሌለ ነገር ሪፈር ብዬ ልጽፍ ነው? እኔው መድኃኒት አዘጋጃለሁ ብልስ ሰዎቹን በጥቅም እንደ መደለል ይቆጠርብኛል? ዳታዬንስ ያበላሽብኛል? እስቲ በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ።

ተመራቂው

እህቴ አታካብጂው። የሚጠበቅብሽ ቁጥሩ ነው። እኔ በኮድ ብቻ ነው የሠራሁት፣ ስም አልያዝኩም። ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ስም መያዝ ክልክል ነው ተብለናል። ስለዚህ ውጤት ልንገር ብል እንኳ ማንን አግኝቼ እነግራለሁ? ቴሲስሽን ጨርሺ፣ ግኝቱን ለወረዳው ስጪ፣ ከዚያ እነሱ ያስቡበት።

ጡረተኛው ላቦራቶሪ

እህት ዓለም፣ ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የተማሪ ናሙና በካርቶን ሲመጣ ስንቱን አይቻለሁ። ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ ተማሪው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ሰውየው ግን በነጋታውም ያው ውኃ ውስጥ ነው፣ ትሉም ያው ሆዱ ውስጥ።

ከላይ ያለኸው ወንድሜ፣ አትቀየመኝና የምስጢሩን ነገር አጣመኸዋል። ኮድ የሚሰጠው ስሙ መጠይቁ ላይ እንዳይታይ ነው እንጂ ሰውየው እንዲጠፋ አይደለም። መጠይቁ፣ ዕቃውና ስላይዱ ላይ ኮድ ብቻ ይጻፍ። የትኛው ኮድ የማን እንደሆነ የሚያሳይ ደብተር ደግሞ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ። ውጤት ተነግሮ፣ ሕክምና ተሰጥቶ ሲያበቃ ይቃጠላል። ለተሳታፊው ኮዱ ያለባትን ቁራጭ ካርድ ስጪው። በዚያች ካርድ ውጤቱን ይጠይቃል። ይኸው ነው።

የምትሠሪው በካቶ ካትዝ (በሰገራ ውስጥ ያለ የትል ዕንቁላል በማይክሮስኮፕ በሚቆጠርበት ዘዴ) ከሆነ እኮ ውጤቱ የዚያኑ ዕለት ይወጣል። ሰገራው በወንፊት ይጠራል፤ በፕላስቲኳ ቀዳዳ 41.7 ሚሊ ግራም ይለካል፤ በግሊሰሮልና በማላካይት ግሪን የተነከረው ሴሎፋን ከላይ ይደረጋል። ያየሽውን ዕንቁላል ቆጥረሽ በ24 ስታባዢው በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለውን ይሰጥሻል። እስከ 99 ቀላል ይባላል፤ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፤ 400 ከሞላ ከባድ። ሁክዎርም የሚባለውን ሌላ የአንጀት ትልም ልትቆጥሪ ካሰብሽ ፍጠኚ፤ ግማሽ ሰዓት አንድ ሰዓት ካለፈ ዕንቁላሉ ከዓይን ይጠፋል። የቢልሃርዚያው ግን አይቸኩልም። ጎኑ ላይ እሾህ ስላለው አያደናግርም።

ከአንድ ሰው ሁለት ስላይድ ሥሪ። ዕንቁላሉ ትንሽ የሆነ ሰው በአንዱ ያመልጥሻል። ለዚህም ነው ያላገኘሽበትን ሰው «ነጻ ነህ» የማትይው። «ዛሬ አላየንብህም» በይው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሰው ጤና አለ።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ታሞ የተገኘን ሰው ማከም መደለያ አይደለም። መደለያ የሚሆነው «ካልተሳተፍክ አላሳክምህም» ካልሽ ነው። ስለዚህ ለጥናቱ እምቢ ያለውም መመርመርና መታከም ከፈለገ መንገዱ ክፍት ይሁንለት። በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር ሥነ ምግባር የሚናገረው የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጥቶ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን የተሳታፊው ደኅንነት ከሳይንሱ ጥቅም ይቀድማል የሚለው ዛሬም አለ። ዳታሽም አይበላሽም። የአንቺ ጥናት አንድ ጊዜ ዓይቶ የሚያበቃ ነው። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ብታሳክሚው የሚለወጥ ቁጥር የለም።

የቢልሃርዚያው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ነው፣ ባንድ ጊዜ የሚዋጥ። ባለ 600 ሚሊ ግራሙ ከሆነ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አራት ፍሬ ማለት ነው። ከመጠይቅ ማባዣውና ከትራንስፖርቱ ሥር አንድ መስመር በጀት ጨምሪለት። ከዚያ በፊት ግን ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሂጂና ጠይቂ። ለትምህርት ቤት ዘመቻ የሚመጣ መድኃኒት አለ። ችግሩ ዘመቻው ተማሪ ላይ ያተኩራል፣ ጎልማሳ አስጋሪ ደግሞ ክፍል ውስጥ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ሥርጭቱ በተማሪ እንዳይወሰን፣ በሽታው በበዛበት ቦታ ከሁለት ዓመት ሕፃን ጀምሮ አዋቂውንም እንዲያካትት መክሯል። ይህን ይዘሽ ሂጂ፤ ባዶ እጅሽን ከመለመን ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ። አንቺ ራስሽ ክኒን ይዘሽ ወደቡ ላይ አታድይ። የጤና ጣቢያው ባለሙያ መዝግቦ ይስጥ። የፈቃድ ቅጹንም ሳታስፈቅጂ እንዳትነኪው። ማሻሻያ ብለሽ ለኮሚቴው አስገቢ።

የዘጌ ልጅ

እኔ የጤና ሰው አይደለሁም፣ ቤተሰቤ ግን አስጋሪ ነው። እኛ ሰፈር የሚባለውን ልንገርሽ። «ሽንታችን ደም የለውም፣ ስለዚህ ቢልሃርዚያ የለብንም» ይላሉ። ይህን ሳታስረጂ ሰገራ ስጡኝ ብትይ ነገሩ አይገባቸውም።

ደግሞ ሰዓቱን ዕወቂበት። መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ይነሣል። ጠዋት ከሐይቁ ሲመለሱ ነጋዴ እየጠበቃቸው ነው፤ ቆሮሶው ሳይበላሽ መሸጥ አለበት። በዚያ ሰዓት ወረቀት ይዘሽ ብትቆሚ ማን ያይሻል? ዕቃውን ከዋዜማው ማታ አድይ። ጠዋት ተቀብለሽ ብቻ ሂጂ፤ መጠይቁ ከሸጡ በኋላ ይደርሳል። ስታድይም ከጥቁር ፌስታል ጋር ይሁን። ሰው የሚያፍረው ምርመራውን አይደለም፣ በመንደር መሐል ያንን ነገር በእጁ ይዞ መሄዱን ነው። በዚህ ብቻ ስንቱ እንደሚቀር ብታዪ!

አንድ ጥያቄ ለላቦራቶሪው ጋሼ፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያውን ትል የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አድዋ ላይ አግኝተው የለ? ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ ጋ እንዶድ ሞልቶ፣ እናቶቻችንም ሲያጥቡበት ኖረው፣ ለምን ጣና ላይ አይሠራበትም?

ጡረተኛው ላቦራቶሪ

ልክ ነህ ልጄ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ትልቅ ሥራ ነው የሠሩት። ግን እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ዓሣንም ይፈጃል። ጠባብ ጅረት ላይ ወይም የመስኖ ቦይ ላይ ሌላ ነገር ነው። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነ ሐይቅ ላይ፣ ያውም በዓሣ ለሚኖር ሰው፣ እንዴት ተደርጎ?

የሽንቱን ነገር ማንሳትህ ጥሩ ነው። ሽንትን ደም የሚያስመስለው ሌላው ዓይነት ነው፤ አገራችን ውስጥ እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላ ቦታዎች ይገኛል። የጣናው የአንጀቱ ነው። ሆድ ቁርጠት፣ አልፎ አልፎ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ዝም ብሎ ዓመታት ይቀመጣል። ነርሷ ዋርድ ላይ የምታየው የዝምታው መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ነኝ

አጭር ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የሚጥል በሽታ ታሪክ ያለውን ለዩ፤ እሱ በሐኪም ታይቶ ይወሰንለት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ያለችም ትቆይ። ክኒኑ መራራ ነው፣ በባዶ ሆድ ከተወሰደ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል። ምግብ ይቅደም። ሆድ ቁርጠት ሊኖር እንደሚችልም አስቀድማችሁ ንገሩ፣ አለበለዚያ «መርዝ አጠጡን» የሚል ወሬ በአንድ ቀን ደሴቶቹን ያዳርሳል።

ሌላው፣ ፕራዚኳንቴል ያደገውን ትል እንጂ ገና የገባውን ለጋ ትል ብዙም አይነካውም። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ዕንቁላል ብታገኙበት አትገረሙ። ውኃው ውስጥ ተመልሶ ስለገባም በአዲስ ሊያዝ ይችላል። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ሰው መድኃኒቱ አይሠራም ብሎ ይደመድማል።

ጣፊያው የሚዳሰስ ሰው ካገኘሽ በክኒን ብቻ አትሸኚው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ሆስፒታሎች አሉ፤ ሪፈር ወረቀት ጽፋችሁ ላኩት፣ ጉበቱ በአልትራሳውንድ ይታይ።

ነርሷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የደብተሩን ነገር እንዳሉኝ አደርገዋለሁ። ወረዳው ጋም ደውያለሁ፤ በደብዳቤ ጠይቂ ብለውኛል። ዶክተር፣ የምግቡ ነገር ግን አሳሰበኝ። መረጃ የምሰበስብበት ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይውልብኛል። በጾም ደግሞ የዓሣ ገበያው ስለሚደራ እነሱም ሥራ ይበዛባቸዋል። ጠዋት ብሉና ዋጡ ብል ማን ይሰማኛል?

የዘጌ ልጅ

ማንም አይሰማሽም፤ ደግሞ አትሞክሪው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አንክፈተው፣ ሳምንት አይበቃንም።) ጿሚው የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። መድኃኒት ሰጪው ባለሙያ አሥር ሰዓት ላይ ይምጣ። ለመረብ የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው፣ ታገኛቸዋለሽ። ሙስሊሞችም አሉ፤ ረመዳን ከገጠመ ለእነሱ ከመግሪብ በኋላ ይሁን። ቄሱንም ሼኹንም አስቀድመሽ አናግሪ። እነሱ አንድ ቃል ከተናገሩ አንቺ ብዙ አትደክሚም።

ደግሞ ለሰው «ውኃ አትግቡ» የሚል ምክር ይዘሽ እንዳትመጪ። እንጀራቸው ነው።

ሐኪም ነኝ

ትክክል። «አትግቡ» ሳይሆን መቼ እንደሚከፋ ንገሯቸው። ትሉ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ። ሥራ ለቀቀኝ ብሎ በእኩለ ቀን ዳሩ ላይ ገላ መታጠብ፣ ልጆችም በዚያ ሰዓት መዋኘታቸው፣ እዚህ ላይ ነው ሊለወጥ የሚችል ነገር ያለው። ለመታጠቢያ የተቀዳ ውኃ ቀንድ አውጣ ሳይኖርበት ሁለት ቀን ቢቀመጥ የቢልሃርዚያው ትል ይሞታል። ለመጠጥ ግን ያው ማፍላት ወይም ማከም ነው።

ነርሷ

የመጨረሻ ጥያቄ። ማሻሻያውን እየጻፍኩ ነው። «ቀጥተኛ ጥቅም የለውም» የሚለውን አወጣሁት። በምን ልተካው? እንደ ማስታወቂያም እንዳይሆን፣ እንደ በፊቱም እንዳያስቀኝ።

ጡረተኛው ላቦራቶሪ

እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ከእርስዎ አንድ ጊዜ ሰገራ እንወስዳለን። የምርመራውን ውጤት በዚያው ዕለት ለእርስዎ ብቻ እንነግራለን። ቢልሃርዚያ ከተገኘብዎ ከጤና ጣቢያ ባለሙያ በነጻ መድኃኒት ያገኛሉ። በጥናቱ ባይሳተፉም መመርመርና መታከም ይችላሉ። ገንዘብ አንከፍልም። መሐል ላይ ማቋረጥ ቢፈልጉ ምክንያት አይጠየቁም።» መድኃኒቱ እጅ ሳይገባ ግን ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር እንዳታነቢ። ወረዳው በደብዳቤ እሺ እስኪልሽ ጠብቂ፣ ቴሲሱ ትንሽ ቢዘገይ ይዘግይ።

አንብበሽ ስትጨርሺ «ገባዎት?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም አዎ ነው የሚልሽ። ምን እንደተረዱ በራሳቸው አንደበት ይንገሩሽ። መጻፍ የማይችል ካለ ከቡድንሽ ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት ጣቱን ያትም።