ሃሽታግ አጠቃቀም ላይ እርዱኝ፤ ላይክ አለ፣ ገዢ የለም
ሰላም ወገኖች። ደሴ ላይ ከእህቴ ጋር የሀበሻ ልብስ እንሸጣለን። ጥለቱን ቀረብ አድርጌ አነሳና ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ እለጥፋለሁ። ላይክ አላጣሁም። ግን ከኮምቦልቻም ሆነ ከወልዲያ ደውሎ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለኝ የለም።

#ፋሽን ስል ልብሳችን በዓለም ፎቶ መሃል ይዋጣል። #ደሴ ስል ደግሞ ከዜናው ጋር ይቀላቀላል። ከሁሉ ያስቸገረኝ ፊደሉ ነው። #የሀበሻ_ልብስ እና #የሐበሻ_ልብስ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ሃሽታጋቸው ግን ለየቅል ነው። በዚያ ላይ መሃሉ ላይ የታች ሰረዝ ካልገባ «የሀበሻ» ላይ ይቆረጣል። ሁለቱንም ልጻፍ ወይስ አንዱን ይዤ ልጽና? ከተማውን ከልብሱ አጣምሬ #የደሴ_ጥልፍ ብልስ፣ የሚፈልገው ሰው ይኖራል?

እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ገበያው የሚደምቀው አሁን ነው። በሃሽታግ የአካባቢውን ገዢ ያገኘ ካለ ምን ምን እንደሚጽፍ ይንገረኝ፣ እባካችሁ።