የታክሲው ጌም አፕዴት የውሃ ሽታ ሆነ፣ የሚያውቅ አለ?

የሳሪስ_ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ያ ወያላ ሆነህ ሰው የምትጭንበት ጌም ትዝ ይላችኋል? ሦስት ልጆች ሆነው የሰሩት። ስማቸውን አልጠራም፣ የተጫወተ ያውቃቸዋል። እኔ ከወጣ ጀምሮ አለሁበት። በሩ ላይ ተንጠልጥለህ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ትላለህ፣ ሒሳብ ትሰበስባለህ፣ መልስ ከረሳህ ነጠላ የለበሱት ሴትዮ ያፈጡብሃል። ደስ ሲል!

ችግሩ መስመሩ ሁለት ብቻ ነው፤ ከመገናኛ ሜክሲኮና ከሳሪስ ስታዲየም። ሦስተኛው፣ የጦር ኃይሎቹ፣ "በቅርብ ቀን" ከተባለ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። በነካኸው ቁጥር "በቅርብ ቀን" ይልሃል። ታናሽ እህቴ እራት ደረሰ ወይ ስትባል "በቅርብ ቀን" ማለት ጀምራለች።

ይሄ ሳያንስ ዝናብ የሚዘንብበት ሌቨል ላይ ስትደርስ ጌሙ ድርግም ይልና ያጠራቀምከው ሳንቲም ዜሮ ይገባል። ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል። ቴሌግራም ቻናላቸው ላይ ጻፍኩላቸው። የልብ ምልክት አደረጉልኝ። ልብ! ቆይ፣ ሰው ቢያንስ "ትተነዋል" አይልም? ወይስ ትዕግስት ያጣሁት እኔ ነኝ?

ኮድ_ቆርጣሚ፦
ብስጭትህ ይገባኛል፣ ግን ከውስጥ ሆነህ ስታየው ሌላ ነው። እኔ ጌም ባልሰራም ከጓደኛዬ ጋር ማታ ማታ ከስራ መልስ አንድ ትንሽ አፕ ሰርተናል። አንድ መስመር መጨመር ማለት እኮ ሕንጻው፣ አስፋልቱ፣ ተሳፋሪው፣ ድምፁ ሁሉ እንደ አዲስ ተሰርቶ፣ ከዛ ደግሞ ሁለት ጊጋ ራም ባለው ስልክ ላይ እንዳይንቀራፈፍ ተደርጎ መቅለል አለበት። በዚህ መሀል ጉግል በየዓመቱ ለአዲሱ አንድሮይድ አስተካክሉ ይላል። ካላስተካከልክ አፕዴትህን አይቀበልም፣ አዲስ ስልክ የገዛ ሰውም ፕሌይ ስቶር ላይ አያገኝህም። ወር ሙሉ ስትለፋ ከርመህ ተጫዋቹ የሚያየው ለውጥ የለም።

አፕ የምታወጣበት የጉግል አካውንት አዲስና የግል ከሆነማ ቢያንስ 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀን እንዲሞክርልህ ግዴታ ነው። እኛ አክስቴን ሳይቀር ለምነናል። "ዳታዬን በላብኝ" ብላ በሳምንቷ አጠፋችው።

ለአይፎን ለምን አልወጣም የምትሉም አላችሁ። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይፈልጋል፣ ጉግል ግን 25 ዶላር አንዴ ከፍለህ ትገላገላለህ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ 99 ዶላር በብር ስንት እንደሚመጣ እናንተው አስሉት።

ጥቁር_ቡና፦
"ሦስት ልጆች ናቸው" የሚለው ነገር በቃ። ማስታወቂያው ሲመጣ ግን ዘግይቶ አያውቅም። ማጥፊያውን በ150 ብር ገዛሁ፣ ሳምንት ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ጌሙ ውስጥ ተበላሽቶ የማያውቀው ነገር ቢኖር ገንዘብ የሚያስገባው ብቻ ነው።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ልጆቼ አማርኛ ስናገር በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱልኝ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ከኋላ ትንሹ "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። መንገድ ዳር አቁሜ ሳቅኩ። ከዚህ ጌም ነው የለመደው። እና እኔ ቢዘገዩም አልቀየማቸውም። ግን ገንዘብ ከሆነ የቸገራቸው ይናገሩ፣ እዚህ የምናዋጣ ብዙ ነን። ዝም ያለን ሰው በምን ትረዳዋለህ?

ዙር_ጨራሽ፦
አሞንግ አስ የሚባለውን ጌም አስታውሱ። እሱንም የሰሩት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። በፈረንጆቹ 2018 ሲወጣ ዞር ብሎ ያየው የለም። በ2020 ኮሮና ቤት ሲዘጋን ዓለም ሁሉ ተረባረበበት። ኦገስት ላይ ሁለተኛውን እንሰራለን አሉ፣ በወሩ ደግሞ ሰርዘነዋል፣ የድሮውን ነው የምናስተካክለው አሉ። ከዛማ አዲሱ ካርታ የት ደረሰ እያለ ሰው ጮኸባቸው። ካርታው የወጣው በ2021 ማርች መጨረሻ ነው። በዛ ሁሉ ሚሊዮን ተጫዋች እንኳን እንደዛ ነው የተጓተተው፣ ስለዚህ ዓመት ከአራት ወር አይገርመኝም። ልዩነቱ እነሱ ለምን እንደዘገዩ ቁጭ ብለው ጻፉ። የእኛዎቹ ልብ ላኩልህ።

ኮድ_ቆርጣሚ፦
ልቧ ላይ መከራከሪያ የለኝም። ሁለት መስመር ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛም ግን ያው ነበርን። ቀን ቆርጠህ ካልደረሰልህ በሚቀጥለው ቻናሉን መክፈት ራሱ ያስጠላሃል።

@የሳሪስ_ልጅ እስቲ ሴቲንግ ገብተህ ጥላ (ሻዶው፣ የሰውና የመኪናው ጥላ) የሚለውን አጥፋው። ግምት ነው፣ ግን ዝናቡና ጥላው አንድ ላይ ሲመጡ የስልክህ ሜሞሪ የሚሞላ ይመስለኛል።

ጥቁር_ቡና፦
የእነሱን ስራ እኛ እየሰራንላቸው ነው ማለት ነው 😂

የሳሪስ_ልጅ፦
ኧረ ሰራ! ዝናቡን አለፍኩ፣ እስከ ስታዲየም ደረስኩ፣ ሴትዮዋም ሳያፈጡ ወረዱ። የድሮው ሳንቲሜ ግን አልተመለሰም። ሌላው ሰው እንዳይቃጠል ብዬ ቻናላቸው ላይም "ዝናብ ላይ የሚዘጋባችሁ ጥላውን አጥፉ" ብዬ ጻፍኩ።

ልብ አደረጉልኝ።