እናቴ የሴፍቲኔት ብሯን ባንክ ማስቀመጥ ፈራች፣ ምን ብዬ ላስረዳት?

የእነብሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ያለችው ምሥራቅ ጎጃም እነብሴ ነው፣ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ብሎ። ሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ውስጥ ናት። ዕድሜዋ ስለገፋ ሥራ አትወጣም፣ ሳይሠሩ በሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ ላይ ናት። ድሮ ገንዘብ ያዥ ቀበሌ ድረስ መጥቶ፣ ስም እየጠራ አውራ ጣት እያስነካ ብሩን በእጃቸው ይቆጥርላቸው ነበር። አሁን ሒሳብ ተከፍቶላት በእሱ ነው የሚገባላት። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያው መቆጠብ ትለምዳለች፣ ነገ ሁለት በግ ልግዛ ብትል መነሻ ይኖራታል ብዬ።

እሷ ግን በገባ ቀን ሙልጭ አድርጋ ታወጣዋለች። በጨርቅ ቋጥራ ከጎታው ሥር ትሸጉጠዋለች። ባለፈው ለምን ብዬ ስጠይቃት «ልጄ፣ እዚያ ካስቀመጥሁት ይቺማ ተርፏታል ብለው ይሰርዙኛል» አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ። በዚያ ላይ ሒሳቡ የሚንቀሳቀስበት ስልክ የታናሽ ወንድሜ ነው፣ የሚስጥር ቁጥሩንም የሚያውቀው እሱ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን ብሩ የእሷ ነው። ፍርሃቷ እውነት አለው? ምን ላድርግ?

ዲኤ ነበርሁ፦
ወንድሜ፣ ይህን ፍርሃት እኔ ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ሆኜ በሠራሁባቸው ቀበሌዎች ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ጀምሮ «ምረቃ» የሚባል ነገር አለ፣ ጥሪት ያፈራ ይወጣል። ሰው ምረቃ ሲባል የሚሰማው መሰረዝ ነው። ስለዚህ ያለውን ይደብቃል። በጉን ዘመድ ጋ ያሳድራል፣ ብሩን ይቀብራል። ቆጥቡ እያልን የቆጠበ እንዲፈራ አድርገናል፣ ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

እናትህን ግን እንዲህ በላት። ምልመላው የሚሠራው በቀበሌው ኮሚቴ ነው፣ ከሕዝቡ ጋር። የሚታየው ቤተሰቡ ላለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ነበረበት ወይ የሚለው ነው፣ ከዚያ መሬቱ፣ በሬው፣ ጧሪ ዘመድ መኖር አለመኖሩ። የባንክ ደብተር አምጡ ሲባል እኔ አላየሁም። ቀጥታ ድጋፍ ደግሞ ለአቅመ ደካማ ነው። ሁለት መቶ ሦስት መቶ ብር ስላስቀመጠች ጉልበቷ አይመለስም። ድሮ ክፍያው በዓመት ስድስት ወር ብቻ ነበር፣ ከፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ ወዲህ ነው አሥራ ሁለት ወር የሆነው፣ ይህም የእሷ ዓይነቱ ሰው ከዓመት ዓመት እንዲደገፍ ታስቦ ነው። ያለአግባብ ቢሰርዟት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። አንተ ሂድና ስሟ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን አይተህ ንገራት። ከአንተ አፍ ስትሰማው ይለያል።

የቢቸናዋ፦
እኔ ያለሁት እንግሊዝ አገር ሊድስ ነው፣ እና ይህን ሳነብ ገረመኝ። እዚህም ያው ነው! ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስድስት ዓይነት ድጎማ ወደ አንድ ተጠቅልሎ «ዩኒቨርሳል ክሬዲት» ተባለ። በወር አንዴ ባንክ ይገባል። የመጀመሪያው ክፍያ እስኪገባ አምስት ሳምንት ገደማ ይጠበቃል፣ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው አምስት ሳምንት ማለት ብድር ማለት ነው። ሒሳብ የሌለው ሰው መክፈት ግድ ሆነበት፣ ይህ በጎ ጎኑ ነው።

ግን ስሙ። ቁጠባህ ከ6,000 ፓውንድ ካለፈ ድጎማው ይቀንሳል፣ ከ16,000 ካለፈ ጭራሽ የለም። እንግዲህ ይህ በሕግ የተጻፈ ቁጥር ነው፣ ሰው ማየት ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ስድስት መቶ እንኳ የሌላቸው ሰዎች ባንክ ውስጥ ብር እንዳይታይባቸው በገባ ቀን ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁጥሩ ባልተነገረበት ቦታ የእናትህ ፍርሃት ምን ይገርማል? ለእኔ ትልቁ ነገር ሒሳብ መክፈቱ አይደለም። እስከ ስንት ብታስቀምጡ አንነካችሁም ብሎ በአደባባይ መናገር ነው።

ባለሱቅ ደጀን፦
እኔ የሞባይል ገንዘብ ወኪል ነኝ። ስለ ስልኩ ልናገር። በስሟ ሲም አውጣላት፣ መታወቂያዋን ይዛ ራሷ ትቅረብ። ተራ ስልክ ይበቃታል። ቴሌብር ከሆነ *127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ሲጠፋ ደንበኞቼ በዚህ ነው የሰነበቱት። ኔትወርኩ ራሱ ሲሄድ ግን ምንም የለም፣ ስለዚህ ትንሽ ጥሬ ብር ቤት መያዟ ልክ ናት፣ አትቆጣት።

የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አትስጥ፣ ለወኪልም ጭምር። እናቶች መጥተው ስልኩንም ቁጥሩንም አንድ ላይ ይሰጡኛል፣ «አንተው ጨርስልኝ ልጄ» ብለው። እኔ እመልስላቸዋለሁ፣ ጣታቸውን ይዤ እነሱ እንዲነኩት አደርጋለሁ። ገበያ ቀን ሰው ተሰልፎ ይቆጣኛል። ቢሆንም እንዲህ ይሻላል።

ትዕግሥት፦
እህቴ ደሴ ናት። የከተማው ሴፍቲኔት መጀመሪያ በአሥራ አንድ ከተሞች ሲጀመር ደሴ ነበረችበት። እዚያ ከክፍያው 20 በመቶው በግድ ይቆጠብ ነበር። መጀመሪያ አማረረች። ሲጨርሱ ግን በዚያችው መነሻ እንጀራ መጋገር ጀመረች። ፍርሃት ያልነበረባት ምን ስለሆነ ይመስላችኋል? ቁጠባው የፕሮግራሙ ሕግ ስለሆነ ነዋ። በግልጽ የታዘዘችውን አድርጋ ማን ይከሳታል?

የእነብሴ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜና እሑድ ሄጄ መጣሁ። ዝርዝሩ ቀበሌው በር ላይ ተለጥፏል፣ ስሟ አለ፣ አነበብሁላት። በስሟ ሲም ወጣ። ወንድሜም አልተቀየመም፣ እንዲያውም ቁጥሩን ያስጠናት እሱ ነው። የሚስጥር ቁጥሯን ራሷ መረጠች፣ ለእኔም አልነገረችኝም።

ከዚህ ወር ክፍያ 150 ብር አላወጣችም። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብላ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። «አለ?» ትለኛለች። አለ እላታለሁ። የቀረውን ግን ቋጥራ ጎታው ሥር መልሳዋለች፣ እኔም ዝም አልሁ።