የሕይወት ጥሬ ዕቃ በጠፈር ድንጋይ ላይ መገኘቱ ሕይወት ሌላም ቦታ ለመኖሩ ማስረጃ ይሆናልን?

ንጋት (ጠያቂ)፦
ኦሳይረስ-ሬክስ የተባለችው መንኮራኩር ቤኑ ከተሰኘው አስትሮይድ ዘግና እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ወደ መሬት ያደረሰችው 121.6 ግራም አፈርና ጠጠር ሲመረመር፣ ሕያዋን ፕሮቲን ከሚሠሩባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ፣ እንዲሁም የዘር መረጃ የሚይዙት የዲኤንኤና የአርኤንኤ ፊደላት የምንላቸው 5 ውህዶች በሙሉ እንደተገኙበት በ2025 መጀመሪያ ይፋ ሆኗል። በሌላ በኩል መሬት ከተፈጠረች 4.54 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ በምዕራብ አውስትራሊያ የሚገኙት የጥንት ተሕዋስያን አሻራዎች 3.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። ጥሬ ዕቃው በየድንጋዩ ካለ፣ ሕይወትም እዚህ ፈጥኖ ከጀመረ፣ በሌሎች ዓለማትም የተለመደ ነገር መሆን አለበት ብዬ ደመደምሁ። አንድ ወዳጄ ግን «ቸኩለሃል» አለኝ። የቸኮልሁት የቱ ላይ ነው?

ብልቃጥ (መላሽ)፦
ጥሬ ዕቃው በቀላሉ መገኘቱ ዛሬ የተሰማ ወሬ አይደለም። ስታንሊ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1952 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ በመምህሩ በሃሮልድ ዩሪ ላቦራቶሪ፣ ሚቴን፣ አሞኒያ፣ ሃይድሮጅንና የውኃ እንፋሎት በተዘጋ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እያዘዋወረ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲለቅበት ሰነበተ። አንድ ቀን ሲሞላው ውኃው ሮዝ መልክ ያዘ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ደማቅ ቀይና ድፍርስ ሆነ፤ ግላይሲንና አላኒን የተባሉ አሚኖ አሲዶችም ተገኙበት። የጥንቷ መሬት አየር በእርግጥ እንዲህ በሃይድሮጅን የበለጸገ እንዳልነበር ዛሬ ብዙዎች ያምናሉ። ቢሆንም በ1969 በአውስትራሊያ መርቺሰን ላይ የወደቀው ድንጋይ ከ70 በላይ አሚኖ አሲዶችን ይዞ መገኘቱ፣ እነዚህ ውህዶች ያለ ሕይወት እርዳታ እንደሚሠሩ ጥርጣሬ አላስቀረም።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ጥሬ ዕቃውን ማግኘት ቀላሉ ክፍል መሆኑን ነው። ሁለት እጆችዎን መዳፍ ለመዳፍ ቢያጋጥሙ ልክ ይገጥማሉ፤ አንዱን በሌላው ጀርባ ላይ ቢደርቡ ግን አውራ ጣቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይቀራሉ። አብዛኞቹ አሚኖ አሲዶችም እንዲሁ ግራና ቀኝ አላቸው። ሕያዋን ፕሮቲናቸውን የሚሠሩት በግራዎቹ ሲሆን፣ በቤኑ አፈር ውስጥ ግን ግራና ቀኙ በእኩል መጠን ተቀላቅሎ ነው የተገኘው። ያ አፈር ፊደላቱን ይዟል እንጂ የተጻፈበት ነገር የለም።

ጽሕፈቱ እንዴት እንደጀመረ ነው እንግዲህ ትልቁ እንቆቅልሽ። ዲኤንኤ ለመቀዳት ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ፕሮቲንም ለመሠራት የዲኤንኤን መመሪያ ይፈልጋል፤ ማን ቀደመ? ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት፣ አርኤንኤ መረጃ ከመያዝ አልፎ እንደ ኢንዛይም ኬሚካላዊ ሥራ እንደሚሠራ በማሳየታቸው ነው፤ ስለዚህም ብዙዎች አርኤንኤ ሁለቱንም ቀድሟል ብለው ይገምታሉ። እኔም ወደዚያው አደላለሁ፤ ይሁን እንጂ ከተራ ኬሚካል ተነሥቶ ራሱን የሚያራባ ሕዋስ እስከ ዛሬ በየትኛውም ላቦራቶሪ አልተሠራም።

«አንድ ናሙና» (ሌላ መላሽ)፦
እኔ «ፈጥኖ ከጀመረ ቀላል ነው» የሚለውን ልንካ። ከመጀመሪያዎቹ ተሕዋስያን ተነሥቶ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ፍጡር እስኪመጣ ድረስ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ፀሐይ ደግሞ እየጋለች ስለምትሄድ መሬት ለኑሮ የምትመችበት ጊዜ 1 ቢሊዮን ዓመት ያህል ቢቀረው ነው። ሕይወት እዚህ ዘግይቶ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ጠያቂ ባልኖረ ነበር። ስለሆነም የሕይወት መነሻ እጅግ ብርቅ ቢሆንም እንኳ፣ እኛ ራሳችንን የምናገኘው ቀድሞ በጀመረበት ፕላኔት ላይ ነው፤ ዕጣ የወጣላቸውን ብቻ ጠይቆ ዕጣ ለሁሉም ይወጣል ማለት አይቻልም። የምናውቃቸው ሕያዋን ሁሉ ከጥቃቅን ልዩነት በቀር አንድ ዓይነት የዘር ኮድ ስለሚጠቀሙ፣ ባክቴሪያውም ዛፉም እኛም ተደምረን የምንቆጠረው እንደ አንድ ናሙና ነው።

ንጋት፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ቸኩዬ ኖሯል። ታዲያ በማርስ ላይ አንዲት ተሕዋስ ብትገኝ ሁለተኛ ናሙና አገኘን ማለት ነው?

ጥልቅ ውኃ (ሦስተኛ መላሽ)፦
የግድ አይደለም። ከማርስ ተፈንጥረው መሬት ላይ የወደቁ ድንጋዮች በእጃችን ስላሉ፣ ሕይወት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተሻግሮ ከሆነ ያገኘነው የራሳችንን ዘመድ ይሆናል። ማስረጃውም ቢሆን ያወዛግባል፦ በ1976 የቫይኪንግ መንኮራኩሮች የማርስን አፈር ምግብ ባዘለ ፈሳሽ ሲያርሱት፣ በዚያ ምግብ ውስጥ የነበረው ካርቦን ጋዝ ሆኖ ወጣ። አንዳንዶች ሕይወት ነው አሉ፤ አብዛኞቹ ግን የአፈሩ ኬሚካል የሠራው ነው ብለው ተቀበሉ፤ ክርክሩም አልሞተም።

እኔን ይበልጥ የምትስበኝ የሳተርን ጨረቃ ኤንሴላደስ ናት። ስፋቷ 500 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከበረዶዋ ሥር ካለው ባሕር የሚነሣውን ፍንጣቂ ወደ ጠፈር ስትረጭ ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በ2005 አየቻት፤ በኋላም በፍንጣቂው ውስጥ አልፋ ጨውና ካርቦን አዘል ውህዶችን ለየች፤ ሃይድሮጅን መኖሩ በ2017፣ ፎስፌት መኖሩ በ2023 ታወቀ። በመሬት ባሕር ወለል ላይ ባሉ ፍል ምንጮች ዙሪያ ሃይድሮጅን እየተመገቡ ያለ ፀሐይ ብርሃን የሚኖሩ ተሕዋስያን አሉ። ካሲኒ ግን ሕይወትን ለመፈለግ የተሠራች አልነበረችም።

ብልቃጥ ያነሡት የግራና ቀኝ ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ፍንጣቂ ውስጥ አሚኖ አሲዶች ተገኝተው ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ፣ እንደ ቤኑ ተራ ኬሚስትሪ ነው ልንል እንችላለን። ወደ ግራ ጥቂት ቢያጋድልም አያስደንቅም፤ መርቺሰንን በመሳሰሉ ድንጋዮች ላይ እንዲህ ያለ መጠነኛ ማጋደል ታይቷል። ሁሉም ቀኝ ሆኖ ከተገኘ ግን ከእኛ ጋር የማይዛመድ መነሻ ስለመኖሩ የሚከራከር ብዙ ሰው የሚኖር አይመስለኝም።