በአንድ ጊዜ ክፍያ ልስማማ ወይስ ልከራከር?

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ስሠራ የቀኝ እጄን ሦስት ጣቶች ማሽን ቆርጦብኝ፣ የሐኪሞች ቦርድ 30 በመቶ ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት ወስኖልኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የዓመታዊ ደመወዝ አምስት እጥፍ፣ ለከፊሉ ደግሞ እንደ ጉዳቱ መጠን ተመጣጣኝ ክፍያ ስለሚያዝ፣ በ6,000 ብር የወር ደመወዜ ሳሰላው 108,000 ብር ይመጣል። አሠሪዬ ግን 60,000 ብር በአንድ ጊዜ ተቀብዬ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ውል እንድፈርም ሰጥቶኛል። ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ በግራ እጄ መጻፍ እንኳ ገና እየተለማመድኩ ነው። የቤት ኪራይ ስላስጨነቀኝ ለመፈረም ተቃርቤያለሁ። ከደመወዜ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥ ስለነበር ስሌቱ በየትኛው ሕግ ነው? ከፈረምኩ በኋላስ ቀሪውን በፍርድ ቤት መጠየቅ እችላለሁ? የሕግ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ምሩኝ።