የአያቴ የእንደራሴነት ዘመን በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ምን ያህል ቦታ ይገባዋል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአባቴ አባት በዳባትና በጎንደር ፍርድ ቤቶች ለረጅም ዘመን በጥብቅና ሲያገለግሉ ኖረው፣ በ1965 ዓ.ም. ምርጫ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት (ሕዝብ የሚመርጠው የፓርላማ ክፍል) እንደራሴ ሆኑ፤ ምክር ቤቱ ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተዘጋ። ታሪካቸውን እየጻፍኩ ነው። ከእርሳቸው የቀረኝ በእርሳስ ያሰመሩበት የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽሐፍ ሲሆን፣ ቁጥር 1168 ያለበት ገጽ ከመገለጥ ብዛት ጠርዙ አልቋል። ለዚያች አጭር የእንደራሴነት ዘመን ምን ያህል ቦታ ልስጣት?

በጎንደር የሚሠራ ጠበቃ፦
ያ ገጽ ራሱ ብዙ ይነግርዎታል። ቁጥር 1168 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ 15 ዓመት በተከታታይ ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለሀብት ይሆናል ይላል፤ በልማድ የዘር የጋራ የሆነን መሬት ግን በዚህ መንገድ የግል ማድረግን ይከለክላል። ዳባትና ጎንደር ያሉበት በጌምድርና ስሜን መሬት በዘር የሚወረስበት የርስት አገር ስለነበር፣ አንዱ ተከራካሪ የግብር ደረሰኙን ሲያቀርብ ሌላው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ ዘር እየቆጠረ ይሟገት ነበር፤ አያትዎም በዚህ መካከል ነው የኖሩት። ሰፊውን ክፍል ለችሎት ሕይወታቸው ይስጡ ባይ ነኝ።

ጡረታ የወጣሁ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር፦
በከፊል አልስማማም። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ጥቅምት 23 ቀን ይከፈት ስለነበር አያትዎ የተቀመጡት በአንድ የጉባኤ ዘመን ብቻ መሆኑ እውነት ነው፤ ዓመቱ ግን አብዮቱ የፈነዳበት 1966 ነው። የካቲት ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንንም ተተኩ። የፖለቲካ ፓርቲ ባልነበረበት ምክር ቤት፣ በዚያ ሁሉ መናወጥ መካከል፣ እያንዳንዱ እንደራሴ የሚቆመው በገዛ ስሙና በመራጮቹ አመኔታ ነበር። ይህን በአንድ አንቀጽ ማለፍ ይከብደኛል።

ደግሞም ከመዘጋቱ በኋላ ያለውን አይርሱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ፣ የመሬት ክርክር ወደ ገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ሄደ። አያትዎ በስድስት ወር ውስጥ ወንበራቸውንም፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበትን የርስት ሙግትም አጡ። ከዚያ ወዲያ በምን ኖሩ?

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሰው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፤ አባቴም ንፋስ እንዳይወስደው ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞላቸው ይቆም እንደነበር ነግሮኛል። ከዚያ እጀምራለሁ።