ያለ ኮምፓስ ሰሌዳ ላይ ትክክለኛ ክብ መሣል በልምምድ ይመጣል?

የሂሳብ መምህር (ደቡብ ወሎ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሰሌዳው የእንጨት ኮምፓስ እግሩ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆነው። በገመድና በጠመኔ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን የገመዱን ጫፍ መሐል ላይ የሚይዝልኝ ተማሪ በጠራሁ ቁጥር የክፍሉ ሐሳብ ይበተናል፤ ጠመኔውም ከቋጠሮው ይሾልካል። ስለዚህ በእጄ ብቻ መሣል ጀመርሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሁለቱ ጎኖቹ በዲያሜትሩ ጫፎች የሚያልፉ፣ ጫፉ ደግሞ ክቡ ላይ የሚያርፍ ማዕዘን ሁልጊዜ 90 ዲግሪ መሆኑን እያስተማርሁ ነበር። ከፊት ረድፍ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ፕሮትራክተሯን ይዛ ወጣችና ለካችው። «መምህር፣ 83 ነው» አለችኝ። ደግሜ ለካሁት፤ 83 ነው። ከክፍል በኋላ ሜትር አምጥቼ ክቡን ራሱን ስለካው ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 68 ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ትክክል ናት፤ ያስተማርሁትም ትክክል ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ግን እንቁላል ነው። ተማሪ የሚያምነው ዓይኑ ያየውን ነው። ለልጆቹ ያንን ሥዕል ማሳየቴ እስካሁን ይከነክነኛል።

በዚህ ነገር የሠለጠነ ሰው ካለ፣ ምን ዓይነት ልምምድ ነው እጅን የሚያስተካክለው? በቀን ሩብ ሰዓት መስጠት እችላለሁ።

የሥዕል አስተማሪ

ይመጣል፣ መምህር። ምናልባት የሚሥሉት ከእጅ አንጓዎ ይመስለኛል። አንጓ የሚሠራው አጭር ቅስት ብቻ ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ለመዝጋት አምስት ስድስት ቅስት መቀጣጠል ይኖርበታል፤ በተቀጣጠሉበት ቦታ ሁሉ ጉብታ ይቀራል። አንጓዎንም ክርንዎንም አጽንተው ክንድዎን ከትከሻዎ ያዙሩት። ጠመኔው ሰሌዳውን ሳይነካ ሦስት አራት ጊዜ በአየር ላይ ያዙሩ፤ ክንድዎ መንገዱን ሲለምድ፣ ዙሩን ሳያቋርጡ ጠመኔውን ያሳርፉ። ቀስ ብሎ የተጎተተ መስመር ስለሚንቀጠቀጥ አይዘግዩ። ዓይንዎ ደግሞ ጠመኔው ጫፍ ላይ አይተከል፤ የክቡን መሐል ይመልከቱ።

ጆቶ የተባለው የጣሊያን ሠዓሊ፣ የጳጳሱ መልእክተኛ የሥራ ናሙና ሲጠይቀው፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ በቀይ ቀለም አንድ ክብ ሠርቶ ሰጠው ይባላል። ጆቶ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1337 ሲሆን ታሪኩ ታትሞ የወጣው በ1550 ስለሆነ አልምልበትም። ክንድን ከጎን ማጣበቁ ግን ወረቀት ላይ ለሚሣል ትንሽ ክብ በእርግጥ ይሠራል። ለሰሌዳ አይሆንም።

ድራፍቲንግ የተማርሁ

መጀመሪያ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን በስሱ ይሣሉ። ክቡ የአራቱንም ጎኖች አጋማሽ ይነካል። ከመሐል እስከ ጥግ ባለው መስመር ላይ ደግሞ ከአሥር እጅ ሰባቱ ላይ ነጥብ ያድርጉ፤ ክቡ በዚያ ያልፋል። ስምንት ነጥብ ካገኙ በኋላ እንቁላል የሚሆንበት ምክንያት የለም።

እናት ከአዳማ

እኔ ሥዕል አላውቅም፤ እንጀራ ግን ለሠላሳ ዓመት ጋግሬያለሁ። ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምሬ ወደ መሐል ሳዞር ከእጄ ጋር ወገቤም አብሮ ይሄዳል። ልጄን ሳስተምራት ያየሁት ነገር ቢኖር፣ እግሯን አንድ ቦታ ተክላ ስለምትቆም ከእርሷ ራቅ ባለው በኩል እንጀራው ሁልጊዜ ይሳሳባት ነበር። እጇን ብዙ ቀን ተቆጣሁት፤ ጥፋቱ ግን የአቋቋሟ ነበር። እርስዎም የት እንደሚቆሙ ይዩት።

የሂሳብ መምህር (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠዋት ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ሳይጀመር ሃያ ሃያ ክብ ስሥል ቆየሁ። እያንዳንዱን በአራት አቅጣጫ እየለካሁ፣ በረጅሙና በአጭሩ ዲያሜትር መካከል ያለውን ልዩነት ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ልዩነቱ ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከትከሻ ማዞር ስጀምር ባሰብኝ፤ ተስፋ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወደ 4 ወረደና እዚያው ቆመ።

ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ፤ ክቡ የሚጎብጠው ሁልጊዜ በታች በስተቀኝ ነው። የአዳማዋ እናታችን ቃል ትዝ አለኝና አቋቋሜን መረመርሁ። ለካ የክቡን መሐል ከአፍንጫዬ ፊት ለፊት ነው የማደርገው፤ ክንዴ ታች በስተቀኝ ሲደርስ ከገዛ ጎኔ ጋር ይጋጫል። ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ ብዬ መሐሉን ከቀኝ ትከሻዬ ትይዩ አደረግሁት። በዚያው ጠዋት ልዩነቱ ከ3 በታች ወረደ፤ አሁን ከ1 እስከ 2 መካከል ነው። የነጥቦቹንም ዘዴ ሞክሬዋለሁ፤ ለወረቀት መልካም ነው፤ ሰሌዳ ላይ ግን ከነጥብ ወደ ነጥብ ስሄድ ተመልሼ በአንጓዬ መሣል ጀመርሁ፤ ስለዚህ ተውሁት። ማታ ማታ ደብተር ላይ ዓይኑን ዐ በረድፍ እጽፋለሁ፤ ትንሹ ክብ ገና አልተስተካከለልኝም።

ያችው ተማሪ ትናንት እንድትለካ ጋበዝኋት። 89 አለች። እንደገና ለካች፤ አሁንም 89።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። መሐላቸው አንድ የሆነ ሁለት ክብ ስሥል በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንድ ጎን ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል።

የሥዕል አስተማሪ

ትንሹን ያስቀድሙ። ትልቁን ሲያዞሩ ዓይንዎን ክፍተቱ ላይ ያድርጉ፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ጥቁር ቀለበት እንጂ መስመሮቹን አይከተሉ። ደግሞ ከሃያው ክብ ውስጥ የመጀመሪያውን ለብቻው መዝግቡት። ክፍል ገብተው ተማሪ ፊት የሚሥሉት እርሱን ነው።